ፌንጣውን እሾህ ላይ የሰካችው ወፍ



ከአዲስ ዘመን ወጣ ብሎ፣ ወደ ጣራ ገዳም ደን በሚወስደው ዳገት ላይ የአጋም ቁጥቋጦ አለ። ልጅ ሆነን አጋም ለመልቀም እንሄድ ነበር። አንድ ቀን እሾሁ ላይ የተሰካ ፌንጣ አየሁ። የእረኛ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ስቆይ ግን ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ፣ ጅራቷ ረዘም ያለ ወፍ ሌላ ፌንጣ ይዛ መጣችና እዚያው አጠገቡ ሰካችው። ለኋላ ማስቀመጧ ነው።

አጠገቧ ላባው ገና ቡናማ የሆነ ልጇ ነበረ። እሱም በአፉ የያዘውን ቅርንጫፉ ላይ ይጎትታል፤ እሾህ በሌለበት ይጫነዋል፤ ይወድቅበታል። ወርዶ ያነሳና ደግሞ ይሞክራል። ሳቅኩበት።

ካደግኩ በኋላ ስለዚህ የወፍ ወገን አነበብኩ። ሱዛን ስሚዝ የተባለች ተመራማሪ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት፣ የአሜሪካዋ ዘመዱ ጫጩቶች መጎተቱንና መጫኑን ከተፈጥሯቸው ይዘውት እንደሚመጡ፣ እሾህ ላይ ማዋሉን ግን በመሞከርና በመሳሳት እንደሚማሩት አሳይታለች። በጨቅላነታቸው እሾህ ያላገኙት በኋላ ቢሰጣቸውም ይቸገራሉ። የቁራ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ምግብ ከመደበቃቸው በፊት ጠጠርና እንጨት እየቀበሩ ይጫወታሉ። ሱብሃነላህ! በሱረቱል ማኢዳህ (5፡31) ለአደም ልጅ መሬት ቆፍሮ መቅበርን ያሳየው ቁራ መሆኑን አስታወስኩ።

ከዚያ ራሴን አየሁ።

እናቴ ለእንጀራ ከምትሰፍረው ጤፍ ላይ አንድ እፍኝ እየቀነሰች ጥግ ባለች ማድጋ ትጨምር ነበር። «አንተ ጨምራት» ትለኛለች፤ እኔ እሮጣለሁ። ከተማ ገብቼ ደመወዝ መቀበል ስጀምርም ወሩ ሳያልቅ ኪሴ ያልቅ ነበር። ጓደኛዬ «ትንሽ አስቀምጥ» ሲለኝ «ወፍ በጠዋት ተርባ ወጥታ ጠግባ ትመለስ የለ? ሪዝቅ ከአላህ ነው» እለዋለሁ። ሐዲሱን ለስንፍናዬ መሸፈኛ አደረግኩት።

እናቴ ታማ ለሕክምና ወደኔ መጣች። የመድኃኒቱን መግዣ ከሰው ተበደርኩ። የመኪናውን ከየት እንዳገኘች ስጠይቃት «ከማድጋዋ ነው ልጄ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቲርሚዚ የዘገቡት ያ ሐዲስ ወፏ ጎጆዋ ተቀምጣ ጠገበች አይልም፤ ማልዳ ትወጣለች ነው የሚለው። በተወኩል ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የሚስተካከል የለም፤ እሳቸው ግን ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ነብዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት እህሉን በዛላው እንዲያቆዩ መክረዋል። ማስቀመጥ ሰበብ ማድረስ ነው፤ ልብ ግን ከአላህ ጋር ይሁን።

ድንበርም አለው። ዋጋ እንዲወደድ እህል መደበቅ የተከለከለ ነው። ዘካ የደረሰበትን ገንዘብ ዘካውን ሳያወጡ መቆለልም እንዲሁ። የእናቴ ማድጋ ደጅ ለቆመ ችግረኛ ተዘግታ አታውቅም።

አሁን ደመወዝ ስቀበል መጀመሪያ እፍኟን አነሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ደጋግሜ ወድቄያለሁ፤ ሳልጨርስ ያወጣሁበት ወር ብዙ ነው። ያኔ የሳቅኩበት የወፍ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ወርዶ ያነሳው ነበር። ታናናሾች ያላችሁ ደግሞ እሾኋን በጊዜ አሳዩአቸው፤ ሳንቲሟን በእጃቸው ይጨምሩ፣ ከላይዋም ሰደቃ ያውጡ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ በረካውንም ብዙ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።