ልጄ ለደራሲዋ መጻፍ ፈልጋ ነበር

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። የ14 ዓመቷ ልጄ ሳሎን ተጋድማ ሁለት ቀን ሙሉ ከእጇ ያልለየችውን ልብ ወለድ ጨረሰችና መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። «እማ፣ ይቺ ደራሲ አድራሻ ይኖራት ይሆን? ልጽፍላት ፈልጌ ነው» አለችኝ።

እኔም ቢላዋዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «ተይ እስቲ ልጄ! እነሱ ስንት ሥራ አለባቸው፤ የአንቺን ደብዳቤ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ብዙዎቻችን ያው ነን ብዬ እገምታለሁ። ልጆቻችን እንዳያፍሩ፣ እንዳይከፋቸው ስንል ገና ያላንኳኩትን በር እኛው ቀድመን እንዘጋባቸዋለን። ማታ ጋደም ስል ግን የልጄ ዝምታ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዓመታት በፊት ያነበብኩት የሁለት ሴት ደራሲያን ታሪክም ትዝ አለኝ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በርሊን ውስጥ ነው። ኔሊ ዛክስ ዲሴምበር 10 ቀን 1891 ለአንድ ሀብታም የፋብሪካ ባለቤት አንድያ ልጅ ሆና ተወለደች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። ኔሊ ጤናዋ የማይጠና፣ ዝምተኛ፣ ዳንሰኛ መሆን የምትመኝ ልጅ ነበረች። 15 ዓመት ሲሆናት አንድ መጽሐፍ እጇ ገባ፤ የስዊድናዊቷ ደራሲ የሰልማ ላገርሎፍ «የዬስታ በርሊንግ ታሪክ»። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው ኔሊ በተወለደችበት በዚያው ዓመት ነው። ልጅቱ አንብባ ስትጨርስ የተሰማትን በሆዷ ይዛ አልቀረችም። ለደራሲዋ ጻፈችላት።

ደራሲዋስ ማን ነበረች? ሰልማ ላገርሎፍ በ1858 ቬርምላንድ በሚባለው የስዊድን ክፍለ ሀገር፣ ሞርባካ በተሰኘው የቤተሰቧ እርሻ ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምሮ የዳሌ ሕመም ስለነበረባት ታነክስ ነበር። ሌሎች ልጆች ሲሯሯጡ እሷ ተቀምጣ የአያቷን ተረት ታዳምጥ ነበር። አድጋ መምህርት ሆነች። አባቷ ከሞተ በኋላ ያ የተወለደችበት ቤት ከነእርሻው ተሸጠ። የመጀመሪያ መጽሐፏን የጻፈችው በሴት ልጆች ትምህርት ቤት እያስተማረች ነው። በ1909 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1914 ደግሞ ሽልማቱን የሚሰጠው የስዊድን አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ለመሆን በቃች። የተሸጠውንም የአባቷን ቤት በብዕሯ ባገኘችው ገንዘብ መልሳ ገዛችው።

እንግዲህ አስቡት። አገሯ የምትኮራባት፣ ከየአቅጣጫው ደብዳቤ የሚጎርፍላት ሴት ናት። በርሊን ያለች አንዲት ስሟ የማይታወቅ ልጃገረድ ምን ትጠቅማታለች? ልክ እኔ ለልጄ እንዳልኳት፣ ማን ቁጭ ብሎ ያነብላታል? ግን ተጻጻፉ። ደብዳቤው እየተራራቀም ቢሆን ከ30 ዓመት በላይ ዘለቀ።

በ1921 ኔሊ የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች። መታሰቢያነቱን ለሰልማ አደረገችና አንዱን ቅጂ ላከችላት። ከስዊድን አንዲት አጭር ካርድ መጣች። እኔ ራሴ ብጽፈው ከዚህ የተሻለ አላደርገውም ነበር የሚል ሐሳብ ያላት ነች። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም። ኔሊ ራሷ እንኳ በኋላ ዘመን የወጣትነት ሥራዎቿ ዳግም እንዲታተሙ አልፈለገችም። ሰልማ ግን ያን ካርድ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ወሰደባት ትላላችሁ? አምስት? አሥር? ለጀማሪዋ ግን የሚያነባት ሰው ባሕር ማዶ መኖሩን ነገራት።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1930 የኔሊ አባት ሞተ። ከ3 ዓመት በኋላ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። እናትና ልጅ ብቻቸውን በርሊን ቀሩ። አይሁዳውያን ቀስ በቀስ ከሥራቸው፣ ከንብረታቸው፣ ከቤታቸው ተነቀሉ። በኖቬምበር 1938 ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። መውጣት የፈለገ ሁሉ ደግሞ መውጣት አይችልም። ቪዛ ይጠየቃል፤ ለቪዛው ተያዥ ይጠየቃል። ዘመድ ለማስወጣት ኤምባሲ ደጅ የጠናችሁ፣ «እዚያ ማን አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ኔሊ ስዊድን ስትባል ስሟን የምትጠራው ሰው ነበራት። በ1939 የአውሮፓ በጋ ጉድሩን ሃርላን የተባለች ጀርመናዊት ጓደኛዋ ባሕር ተሻግራ ሰልማ ላገርሎፍ ዘንድ ሄደች። ሰልማ ዕድሜዋ 80 ደርሷል፤ አቅሟም ደክሟል። ቢሆንም ድጋፏን ሰጠች። የንጉሡ ወንድም፣ ሠዓሊው ልዑል ኢዩጂንም ረዳ። ጉዳዩ ግን በአንድ ጀምበር አላለቀም። ሴፕቴምበር ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። እናትና ልጅ በርሊን ተቀምጠው ወራት ቆጠሩ። በኤፕሪል 1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክና ኖርዌይን ወረረ፤ መንገዱ ሁሉ ሊዘጋ ሆነ። በመጨረሻ ሜይ 16 ቀን 1940 ኔሊና እናቷ ስቶክሆልም ገቡ።

ሰልማ ላገርሎፍ ማርች 16 ቀን ሞታ ነበር። ልክ 2 ወር ቀድማ።

እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ ዳቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እና ሳታመሰግናት ቀረች?» አለችኝ።

ቀሪውን ስሙና እናንተው ፍረዱ። ኔሊ ስቶክሆልም ስትደርስ ዕድሜዋ 48 ነበር። ንብረት የላት፣ ገቢ የላት። ቋንቋውን አጠናች፤ የስዊድን ገጣሚያንን ሥራ ወደ ጀርመንኛ እየተረጎመች እንጀራዋን ማግኘት ጀመረች። ከእናቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት ይኖሩ ስለነበር፣ የታመመችው እናት ሲተኛ ጠብቃ ወጥ ቤቷ ጥግ እየተቀመጠች ሌሊት ሌሊት ትጽፍ ነበር። ስለተገደሉት ወገኖቿ የጻፈቻቸው ግጥሞች በ1947 በመጽሐፍ ወጡ። ያ የወጣትነት ለስላሳ ተረት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው።

ነገሩ ሁሉ በደስታ አለቀ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እናቷ በ1950 ስትሞት ኔሊ ክፉኛ ተጎዳች። ፍርሃቱ በርሊን አልቀረም፤ ተከትሏት መጥቶ ነበርና ለረጅም ጊዜ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ተኝታለች። ግን መጻፏን አላቆመችም። በ1966 የኖቤል ሽልማትን ከእስራኤላዊው ደራሲ ከሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን ጋር ተጋራች። ሰልማ በአንድ ወቅት የተቀመጠችበት አካዳሚ ነው የሸለማት። ሽልማቱ የሚሰጥበት ቀን ደግሞ ዲሴምበር 10፣ ኔሊ 75 ዓመት የሞላት ዕለት ነበር።

በእራት ግብዣው ላይ ባደረገችው አጭር ንግግር ሁለት ነገር አስታወሰች። አንደኛው አባቷ በየዓመቱ ዲሴምበር 10 ቀን፣ ማለትም በልደቷ ቀን፣ አሁን ስቶክሆልም ውስጥ የኖቤል በዓል እየተከበረ ነው ይላት እንደነበር ነው። ሁለተኛው ከልጅነቷ ጀምሮ ከሰልማ ላገርሎፍ ጋር የመጻጻፍ ዕድል ማግኘቷ፣ እሷና ልዑሉ እንዳዳኗት ነው። እንግዲህ ምስጋናው 26 ዓመት ዘግይቶ፣ በሰልማ አገር፣ በዓለም ፊት ተነገረ። ልጄ ይህን ስትሰማ አንገቷን ነቀነቀች።

ሴት ደራሲያን ድንበር ተሻግረው እንዲህ ሲደጋገፉ እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይደሉም። «የአጎት ቶም ጎጆ»ን የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ1869 እንግሊዝ ለነበረችው ለጆርጅ ኤልየት ደብዳቤ ላከች። ጆርጅ ኤልየት የወንድ ስም ቢሆንም ባለቤቷ ሜሪ አን ኤቫንስ የምትባል ሴት ናት። ሚስት ካለው ሰው ጋር ትኖር ስለነበር ብዙ ጨዋ ነን ባዮች በራቸውን ዘግተውባት ነበር። የሰባኪ ልጅ የሆነችው ስቶው ግን ጻፈችላት፤ ለ10 ዓመት ያህልም ተጻጻፉ። በአካል አንድም ቀን አልተያዩም። በደቡብ አሜሪካም የቺሊዋ ገጣሚ ጋብሪኤላ ሚስትራልና የአርጀንቲናዋ ቪክቶሪያ ኦካምፖ ለ30 ዓመት ገደማ ተጻጽፈዋል። የጋብሪኤላን «ታላ» የተሰኘ የግጥም መድብል በ1938 ቦነስ አይረስ ውስጥ ያሳተመችው ቪክቶሪያ ናት። ገቢው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተበተኑ የባስክ ሕፃናት እንዲውል ተደረገ። ጋብሪኤላ ከ7 ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። እኔ ይህን ታሪክ ለልጄ ስነግራት ትምህርቱ ለእሷ መስሎኝ ነበር፤ ደፍረሽ ጻፊ ልላት። ለካ ለእኔም ነበር።

ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የነበረች፣ ከልጆቼ ጋር ያደገች አንዲት ወጣት አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ሄደች። ትምህርት ቤት ሳለች ግጥም ትሞክር ስለነበር፣ እኔም መጽሐፍ እንደምወድ ስለምታውቅ፣ አልፎ አልፎ ሌሊት የጻፈቻትን በስልክ ትልክልኛለች። «እትዬ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ትላለች። አየዋለሁ። ከዚያ «ነገ ረጋ ብዬ እመልስላታለሁ» እላለሁ። ነገው ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። የመጨረሻዋን ከላከች 7 ወር አልፏታል። እኔ የኖቤል ተሸላሚ አይደለሁም፤ ከየአገሩ ደብዳቤ አይጎርፍልኝም። ግን እሷ ለጻፈችው ነገር አንባቢዋ እኔ ነኝ። ምናልባትም ሌላ የላትም።

ያን ዕለት ማታ ስልኬን ከፍቼ የላከችልኝን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። አንዳንዱ ደካማ ነው። አንዱ ግን፣ የሰው ሕፃን እያስተኛች የራሷን እናት ስለማሰቧ የጻፈችው፣ አስለቀሰኝ። ይህንኑ ጻፍኩላት። የዘገየሁበትን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የትኛው ስንኝ እንደያዘኝ፣ የትኛው እንደላላብኝ ነገርኳት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ልጄም ደብዳቤዋን ጻፈች። በእጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ፣ ስታስነብበኝ ሁለት ጊዜ «እንዳትስቂ!» እያለች። የአሳታሚውን ፖስታ ሣጥን ቁጥር መጽሐፉ ውስጥ አገኘነውና ሰኞ ዕለት አብረን ፖስታ ቤት ሄድን። እሷ ቴምብሩን ራሷ ለጠፈች።

ይህን እስከምጽፍላችሁ ድረስ ለሁለታችንም መልስ አልመጣም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔም ስልኬን በየሰዓቱ አያለሁ፤ ከቤሩት ምንም የለም። ደህና መሆኗን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁምና ቅዳሜ እናቷ ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

እናንተም እስቲ ስልካችሁን ወይም መሳቢያችሁን ክፈቱ። «ነገ እመልስላታለሁ» ያላችኋት አንዲት ልጅ አትጠፋም። ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ስጧት።