ጨርቄን ማቄን

ቸኩሎ የተነሳን ሰው «ጨርቄን ማቄን ሳይል ሄደ» እንላለን። ይህን አባባል ያወጣው ሰው የካዛንቺስ እናቶችን አያውቅም ነበር መሰለኝ። የእኔ እናት እሳት ቢነሳ እንኳ መጀመሪያ የምትለው ጨርቄን፣ ቀጥሎ ማቄን ነው። «ልጆቼን» ሦስተኛ ላይ ይመጣል (እማዬ፣ ይህን ካነበብሽ ቀልድ ነው!)።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲነሳ፣ ቤታችን ውስጥ የተካሄደው ትልቁ ክርክር ስለ ፍሪጅ ወይም ስለ ቁም ሳጥን አልነበረም። ስለ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ከአልጋ ሥር የምትኖር፣ ያልተሰፋ ጨርቅ ብቻ የሞላባት ሳጥን። ተከፈተች። ለመጋረጃ ተገዝቶ መስኮቱ ላይ ሲለካ አንድ ክንድ ያጠረ አበባማ ጨርቅ ወጣ። ጥለቱ መርካቶ አረንጓዴ የነበረ፣ ቤት ሲደርስ ሰማያዊ የሆነ ነጠላ ተከተለ። አባዬ «ምነው፣ ቀብር አስፈጻሚ ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ የተወው ጥቁር ገበርዲንም ነበረ። ከሥር ደግሞ የጉዱ ሁሉ አለቃ፦ ስድስት ሜትር ብርቱካናማ ሳቲን።

የሳቲኑ ታሪክ እንዲህ ነው። የጎረቤት ልጅ ስትዳር የሰፈራችን አሥራ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት እንልበስ ተባባሉ። ቀለሙን ማን እንደመረጠው እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ። እማዬ የራሷን አሰፍታ አንድ ቀን ለበሰችው። ለሁለቱ እኅቶቼ የገዛችውን ግን እኅቶቼ «ይህን ከምንለብስ ሰርጉ ቢቀርብን ይሻላል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ «ምነው እጄን በሰበረው!» የምትለዋ ቁጭት ከእማዬ አፍ ጠፍታ አታውቅም።

ታዲያ ዕቃ ሲጫን ወንድሜ «በቃ፣ ለልዋጭ ይሰጥ» አለ።

«ከእሱ በፊት አንተን ነው የምለውጥህ» አለች።

ሳጥኗ ከእኛ ጋር ቂርቆስ፣ የኪራይ ቤት ገባች።

ቆይ ግን፣ ሰው ምን ነክቶት ነው የሚጸጽተውን ጨርቅ የሚገዛው? ይህን ነገር ሳስበው ከረምኩ። ሸሚዝ የገዛ ሰው ሸሚዝ ይዞ ይሄዳል። ጨርቅ የገዛ ሰው ግን ይዞ የሚሄደው ሐሳብ ነው፤ «ለፋሲካ አሰፋዋለሁ»፣ «ልጄ ስትመረቅ ትለብሰዋለች»። ነጋዴው ጣቃውን ተርትሮ ትከሻሽ ላይ ጣል ያደርግና «ይሄማ ላንቺ የተሠራ ነው!» ይልሻል። አንቺም መስታወቱ ውስጥ የምታይው የሰርጉን ቀን ነው። ከዚያ ሰፊ አለ። የሰፊው ዋጋ ጨርቁን ያስንቃል፤ ቀጠሮው ደግሞ ከፋሲካ ወደ ዳግማይ ትንሣኤ ይሻገራል። በመሐል ሐሳቡ ይሞትና ጨርቁ ይቀራል።

ገንዘቡ እንደሆነ ብናስቀምጠውም ብንሰጠውም አይመለስም። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ይህን አንደኛ ዓመት ላይ ይማሩታል፤ የወጣ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ የሚጠየቀው ከዛሬ ጀምሮ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ለእማዬ ብትነግሯት ግን «እና በነጻ ነው የገዛሁት?» ትላችኋለች። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ ጭራሽ ባሰባት፤ «ዛሬ ብገዛው ስንት ይሆን ነበር» የምትል አዲስ ሒሳብ ጀመረች። በሒሳቡ መሠረት ባለጸጎች ነን። ችግሩ ገዢ የለም።

ለማንኛውም ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሳጥን ካለ (አለ!) በእኛ ቤት ተሞክረው የሠሩትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ጨርቁን እወቁት። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ እንደ ጠጠር ጠንክሮ ከቀረ ፖሊስተር ነው። ይህን ሳታጣሩ አሮጌ ጨርቅ ሁሉ ይጠቅማል ብላችሁ ምጣድ ማሰሻ እንዳታደርጉት! ጥጥ የሆነው ጎመን ዘሩን ይዞ ምጣዱን ያስሳል፤ ፖሊስተሩ ግን ምጣዱ ላይ ይቀልጥና ለእንጀራው ይተርፋል።

ቀጥላችሁ ስለ እያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የተገዛበት ሐሳብ አሁንም በሕይወት አለ? ካለ በዚህ ወር ሰፊ ጋ ይሂድ፤ የሚቀጥለው በዓል አይጠበቅ። ሐሳቡ ሞቶ ጨርቁ ደህና ከሆነ ሐሳብ ላለው ሰው ስጡት። የአባዬ ገበርዲን ዩኒፎርም ለሚያስፈልጋት የጎረቤት ልጅ ቀሚስ ሆኖ ትምህርት ቤት እየሄደ ነው። አጭሩ መጋረጃ የመሶብ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የሕፃን ማዘያ ወጣው። ልዋጭ የመጨረሻው ነው። ሳፋና ብርጭቆ ተሸክማ በየበሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የምትለዋ ሴት የምትፈልገው የተለበሰ ልብስ ነው፤ ሱሪና ጫማ መልሳ ትሸጣለች። ያልተሰፋ ስድስት ሜትር ሳቲን ስታይማ አንድ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ እንኳ ትሳሳለች።

ብርቱካኑ ግን ከዚህ ሁሉ አልገባ አለ። ጥጥ አይደለም፣ ማንም አይፈልገው፣ እማዬም አትለቀው።

እዚህ ላይ ስለ ድሪቶ ላንሳ። ድሪቶ ለእኛ የከተማ ልጆች ስድብ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ተደራርቶ የሚሰፋ፣ የድህነት ማስታወቂያ። አሜሪካ ውስጥ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የባሪያዎች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከባሎቻቸው ያለቀ የሥራ ሱሪ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ በእኛ አፍ ድሪቶ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ድሪቶዎቹ በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለዕይታ ቀረቡ፤ ከዚያም ኒውዮርክ ገቡ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረጋቸው። ሴቶቹ መጀመሪያ የሰፉት ግን ለሙዚየም ብለው አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ስለበረዳቸው ነው። የእኛ ጋቢስ ቢሆን አራት ድርብ አይደል? መደረብ የሚያሳፍር ነገር ከሆነ ሁላችንም በክረምት እናፍር።

ካዛንቺስ ራሷ ድሪቶ ነበረች። ስሟ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙን ሕዝቡ በራሱ አፍ ሰፋው። ከጎኑ የቀበሌ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሆቴል፣ ፎቅ ተደረተበት። አሁን ስፌቱ ተፈትቶ አንዱ ጎረቤታችን ገላን ጉራ፣ ሌላው አራብሳ፣ አንዷ ልጇ ጋ ዱባይ ናቸው።

ባለፈው ክረምት እማዬ ስልክ ይዛ ተቀመጠች። ለእያንዳንዷ እየደወለች «አንቺ፣ ያ ብርቱካኑ አለሽ?» ትላለች። መልሱ ሳቅ ነው። ከሳቁ በኋላ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ አዲሱ እድር አንድ ሰዓት ይወራል። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ አርፈዋል። ሰባቱ ጋ ጨርቁ አለ! አንዷ ቀሚሱን፣ አንዷ ቁራጩን፣ አንዷ ከቀሚሱ ያስተረፈችውን ሻሽ በሰው ላኩ። የእኛን ስድስት ሜትር ጨምራ፣ ሰማያዊ ጥለት ያለውን ነጠላ ገበር አድርጋ፣ ቂርቆስ በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ለሚሰፉ ጋሼ ወሰደችው። ጋሼ አዩትና «ይሄን ማን ገዛው?» አሉ። «እኔ አይደለሁም» አለች።

ሰፍተው ሰጧት። ሶፋችን ላይ ተነጥፏል። ቀለሙ አሁንም ያስጠላል፤ እንግዳ ሲመጣ እኅቴ በጋቢ ትሸፍነዋለች፣ እማዬ ጋቢውን ታነሳለች። አንደኛዋ ጎረቤት ልትጠይቀን መጥታ በእጇ ስትዳብሰው «ይቺ የእኔ ናት» ብላ ጠርዙ ላይ ያለችውን የሽሮ ነጠብጣብ አሳየችን። የሰርጉ ዕለት የፈሰሰባት ናት።

እንግዲህ ሳጥናችሁን ክፈቱ። የሚሰጠውን ስጡ፣ የሚሰፋውን አሰፉ፣ ማሰሻ የሚሆነውን ማሰሻ አድርጉ። አንዷን ግን፣ የምታስጠላዋን፣ ከመጣላችሁ በፊት አብሯችሁ የገዛው ማን እንደነበር አስታውሱና ደውሉለት። መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ፤ ቀለሙን ግን እናንተ ምረጡ።

ቸር እንሰንብት!