የመስከረም የመጨረሻዋ ብር

የጉራጌ ቤት ኪስ የሚፈተነው በመስከረም ነው። ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ በ17 ደግሞ መስቀል ነው። ደብተርና ዩኒፎርም፣ የበሬ መዋጮ፣ ቅቤና ቆጮ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ዘመዶች የሚሰናዳው ሁሉ ያንኑ አንድ ደመወዝ ይጠብቃል።

ቡታጅራ ሦስት ልጆች እያሳደግን ይህን ሒሳብ በየዓመቱ ከእናቴ ጋር እንሠራዋለን። ባለፈው መስከረም የትንሿ ልጄ ጫማ ጠቧት ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ለክትፎ አንድ ኪሎ ሥጋ እንጨምር አለ። እናቴ፣ "ሥጋውስ አለ፤ አሁን የሚጨመረው ለጥጋብ ነው። ልጅቷ ግን በጠባብ ጫማ ዓመቱን ልትከርም ነው" አለች። ጫማው ተገዛ።

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ ሕግ አላቸው። ጀርመናዊው ኸርማን ጎሰን እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ከአንድ ነገር በጨመርን ቁጥር ተጨማሪው የሚሰጠን እርካታ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘብ ተብቃቃ የሚባለው በየነገሩ ላይ የምናወጣት የመጨረሻዋ ብር ተቀራራቢ እርካታ ስትሰጥ ነው።

ጥያቄው ታዲያ "ሥጋ ይበልጣል ወይስ ጫማ?" ሳይሆን "ይህች የቀረችው ብር የት ብትውል ይበልጥ ትጠቅማለች?" ነው። የበሬ መዋጮውን ግን አልነካነውም፤ ከጎረቤት ጋር መካፈል የሚሰጠው ደስታ በኪሎ አይለካም።

ሴቶቻችን የመስቀልን ቅቤ አስቀድመው በዕቁብ ማጠራቀማቸውም ከዚሁ ብልሃት ነው፤ ሸክሙ በአንድ ወር ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ለደብተርና ለጫማም ከጥር ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ብናስቀምጥ፣ መስከረም ልጅንና በዓልን አያሻማም።