ከቤት የማይወጣ ብስክሌት

ከአገር ከወጣን ወዲህ ስንት ሰዓት ተቀምጠን እንደምንውል አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሥልጣን ላይ ስለመቀመጥ አይደለም የማወራው፤ እሱን ለለመዱት ትተንላቸው ነው የመጣነው። የኔ ነገር ስለ ወንበር ነው። ታክሲ ነጂው ወገናችን 12 ሰዓት ከመሪ ኋላ ተቀምጦ ይውላል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ይቀበል የነበረው፣ ማሽን እስኪተካው ድረስ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው። ማታ ሲገባ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ እሑድ ቡና ይፈላለትና ይቀመጣል፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ ይቀመጣል። ስለ አገር ጉዳይ «ተነሱ፣ ታገሉ» እያለ የሚከራከረው እንኳ ተቀምጦ ነው።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጋዜጠኝነት የእግር ሥራ ነበር። ካዛንቺስ ከነበረው ዝግጅት ክፍላችን አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ልደታ ፍርድ ቤት፤ አንዳንዱን ቀን ለዘገባ፣ አንዳንዱን ቀን ለራሳችን ክስ። ስፖርት ሥሩ ብሎ የመከረን አልነበረም፤ የታክሲ ሳንቲም ማጣታችን ይበቃን ነበር። በ2005ቱ ምርጫ (በኛ አቆጣጠር 1997 ማለቴ ነው) ማግስት ወጣሁ። እዚህ ሜሪላንድ ገብቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ለሆስፒታሎች በስልክ አስተረጉማለሁ። በቀን 9 ሰዓት።

የሰው ምስጢር አላወጣም፤ ሙያው አይፈቅድም። ነገር ግን ከማስተረጉመው ሁሉ በቀን ሁለት ሦስቴ ሳልለው የማልውለው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ማድረግ አለብዎት።» ከወዲያ የሚመጣውም መልስ ያው አንድ ነው። «ኧረ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ስለፋ ነው የምውለው በልልኝ!»

እውነታቸውን ነው። ችግሩ በከፊል የቋንቋ ነው። በኛ አማርኛ የደከመው ሰው ሠርቷል፤ የሠራ ሰው ደግሞ ማረፍ አለበት። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ድካምን አይደለም። ልብ ትርታዋን ጨምራ፣ ትንፋሽ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ትልልቆቹ የጭን ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ስኳር እየሳቡ የሚያቃጥሉበትን ጊዜ ነው የሚፈልገው። ሰው 12 ሰዓት ታክሲ ነድቶ ድቅቅ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ጭኑ ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የዋለው። አስተርጓሚ ከራሱ መጨመር ስለማይፈቀድለት ይህን በስልኩ ላይ ተናግሬው አላውቅም። እነሆ እዚህ ጨመርኩት።

ወደ ብስክሌቱ የገፉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መዋጮ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ለሦስት ሰዎች አስከሬን ወደ አገር ቤት መላኪያ አዋጥቻለሁ። ሦስቱም 60 ዓመት አልሞላቸውም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፎቶግራፉ ይመጣል፣ ከሥሩ «በድንገት» ይላል። አንዱን በደንብ አውቀው ነበር። ስኳሩንም ግፊቱንም ለዓመታት ይዞት ሲዞር የነበረ ሰው ነው፤ አገር ሰላም ሲሆን ገብቼ፣ አርፌ፣ ራሴን እጠብቃለሁ ይል ነበር። በድንገት የሚለው ቃል እሱን አይመለከተውም።

ሁለተኛው የራሴ ደም ነው። ሐኪሜ 6.2 አለችኝ። ይህ ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር መጠን በአማካይ የሚያሳየው ምርመራ ነው። ከ5.7 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 የስኳር በሽታ ደፍ ላይ መቆም ነው፤ 6.5 ከደረሰ ገብተዋል። ያን ቀን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

የድሮ ሙያ አይለቅምና ምክሩ ከየት እንደመጣ ማጣራቴ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ልክ እንደኔ ደፉ ላይ የቆሙ 3,234 ሰዎች ተካፍለውበታል። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከክብደታቸውም 7 በመቶ እንዲቀንሱ የተደረጉት፣ የይስሙላ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወደ በሽታው መግባታቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን እውነተኛ ክኒን የዋጡት ደግሞ በ31 በመቶ። እግር ክኒንን በለጠ ማለት ነው። (ክኒን የታዘዘላችሁ ክኒናችሁን እንዳትጥሉ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።)

መቼስ በእግር መሄድም ይበቃ ነበር። ግን እዚህ በዲሴምበርና በጃንዩዋሪ ሥራዬን ስጨርስ ጨልሟል፣ መንገዱም አንዳንዴ በረዶ ነው። ስፖርት ቤት ልሂድ ብል ደግሞ እዚያ ለመድረስ 25 ደቂቃ መኪና ውስጥ መቀመጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ከመቀመጥ ለመዳን መቀመጥ። ስለዚህ የቤት ብስክሌት ገዛሁ፤ አዲስ ግን አይደለም። በዚህ አገር የቤት ብስክሌት ማለት በጃንዩዋሪ ተገዝቶ በማርች ልብስ መስቀያ የሚሆን ዕቃ ነው፤ አሮጌ የሚባለው አብዛኛው አዲስ ነው። ቤት ከሚለቅ ሰው በ80 ዶላር ወሰድኩ። አሮጌ ስትገዙ ግን ዓይነቱን ጠይቃችሁ በደህንነት ጉድለት ተመለሱ ከተባሉት ውስጥ አለመሆኑን አረጋግጡ። ፔሎተን የተባለው ዝነኛ ኩባንያ እንኳ በ2023 የመቀመጫው ምሰሶ ሊሰበር ይችላል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ያህል ብስክሌቶች ላይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበት ምሰሶውን በነፃ ለመተካት ተገዷል።

ብስክሌቱ ተፈታትቶ ነበር የመጣው። ስገጥመው የሰሙት ከሥር ያሉት ጎረቤቴ «አንተ ልጅ፣ ምን እየቀጠቀጥክ ነው?» ብለው ወጡ። ጋሼ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡና መመሪያውን ማንበብ ጀመሩ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ፔዳሉ ነው። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ካልዞረ አይገባም። እንዲህ የተደረገው ስንነዳው በራሱ ጊዜ እየላላ እንዳይወጣ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ግራውን በግድ ወደ ቀኝ ሲያጠብቅ ጥርሱን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ መላ የለውም። ፔዳሎቹ ላይ የቀኝና የግራ ምልክት አለ፤ ሁለቱንም በመጀመሪያ በጣት ነው ማስገባት፣ መፍቻው በመጨረሻ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ግራው ወደ ግራ እየዞረ ነዋ የሚጠብቀው! እኛ ይህችን ባለማወቃችን ነው 17 ዓመት ብሎን ስንሰብር የኖርነው!»

ቀጥሎ መቀመጫው ነው፤ ሰውን ከብስክሌት የሚያፋታው እሱ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው፤ ምክንያቱም ስትነዱ የምትረግጡት በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሆነ ያን ጊዜ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ብሎ ይቀራል። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበትን ከፊት በኩል ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መሪውን ከኮርቻው እኩል ወይም ከፍ አድርጉት፤ ወገባችን ቀድሞውኑ ብዙ የተሸከመ ነው። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ፤ ይህ ለጋሼ እንቅልፍ ነው። የኔው በማግኔት የሚከብድና የሚቀል ስለሆነ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

የመጀመሪያ ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 15፣ አሁን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ስንት ኃይል ይበቃል ለሚለው ሁለት መለኪያ አለ። አንደኛው ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው። እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ 174 ይመጣል፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው የዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፣ ማለትም በደቂቃ ከ111 እስከ 132 የልብ ምት። ሁለተኛው መለኪያ ለሐበሻ ይቀላል፦ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካልቻላችሁ ልክ ናችሁ። እኔ እየነዳሁ ጓደኞቼ ዘንድ እደውላለሁ። ስለ አገር ጉዳይ ስንነጋገር የልብ ምቴ ከ132 ያልፋል፤ ያን ጊዜ ርዕስ እንለውጣለን።

ሰሌዳው ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። ባለቤቴ አንድ ቀን አይታ «የት ደረስክ?» አለችኝ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በሳምንት 50 እነዳለሁ። በአራት ዓመት ተኩል እገባለሁ። ከምናውቃቸው ድርጅቶች የመመለሻ ዕቅድ ሁሉ ቀኑ የተቆረጠው የኔው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰሌዳው አቃጠልክ የሚለውን ካሎሪ ግን አትመኑት፤ የሰውየውን ክብደት እንኳ ሳይጠይቅ ነው የሚናገረው።

ከስድስት ወር በኋላ 5.8 ሆነ። ከደፉ ገና አልወረድኩም። እንጀራ መብላት አልተውኩም፤ ሁለት ጊዜ የነበረውን በቀን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ሻይዬ ውስጥ ስኳር የለም።

እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ከመጣች ሦስት ዓመት ሆናት፣ ስኳር አለባት። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ስታየኝ «ይኼ ሁሉ ላብ ሆኖ ዱቄቱ የታለ?» አለችኝ፣ ወፍጮ መስሏት። ዕድሜዋን ሙሉ ብስክሌት ነክታ አታውቅም፤ በሷ ዘመን ለሴት ልጅ ነውር ነበር። ሐኪሟን ጠየቅሁላት፣ ይቻላል ተባለ። ምግብ ከበላች በኋላ፣ በቀላሉ፣ 5 ደቂቃ፤ ክኒኗ ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል አጠገቧ ጣፋጭ ነገር ይቀመጣል፤ ባዶ ሆድ ግን አይሞከርም። በጾም ላይ በዚህ ተጨቃጭቀናል። «ሳልበላ ብነዳው ምን ይለኛል?» ትላለች። እማዬ፣ ያዞርሻል እላለሁ። በመጨረሻ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ስትገድፍ፣ በሚል ተስማማን።

የመጀመሪያ ቀን መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ቆምን። አንድ ዙር ስትረግጥ ወደ ፊት የምትሄድ መስሏት «ያዙኝ!» ብላ ጮኸች። አሁን የሚይዛት የለም። ምሰሶው ላይ ቀዳዳዎቹ ቁጥር አላቸው፤ የኔ 7 ነው፣ የሷ 3። ማታ 7 ላይ ትቼው እተኛለሁ፤ በማግስቱ ሥራ ጨርሼ ስመጣ 3 ላይ አገኘዋለሁ።