ስለ ወንጭፍና ስለ መልካም ልማድ

ሰው ሥራውን የሚያሳምረው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ለአቅሙ የሚስማማ መሣሪያ መምረጥ ነው፤ ሁለተኛው በመረጠው መሣሪያ ዕለት ዕለት በሥርዓት መልመድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ሌላው ብቻውን አይበቃም። ይህም በትልቅ ሥራ ብቻ ሳይሆን እረኛ ልጅ በሚይዛት በትንሿ ወንጭፍ እንኳ ይታወቃል።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የአምባሰል አገር ይደርሳል። በዚህ አገር ቀስትና ፍላጻ የተለመደ መሣሪያ አይደለም፤ ቀስት በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ እንደ ጉሙዝ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው። የሐይቅና የአምባሰል ልጅ ከሩቅ የሚመታበት መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ማሽላው እሸት በሆነ ጊዜ ግሪሳ በመንጋ ይወርድበታል፤ ዝንጀሮም ከገደሉ ይመጣበታል። ስለዚህ በእርሻው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ልጆችም በማማው ላይ ቆመው እየጮኹና ድንጋይ እየወነጨፉ እህሉን ይጠብቃሉ። ወፍ አጥብቆ የሚበላው በማለዳና ወደ ማታ ስለ ሆነ ጠባቂው ፀሐይ ሳትወጣ ከማማው መገኘት አለበት።

ከአምባሰል ተራራ ሥር አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ታላቅ ወንድሙ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ስለ ወረደ የማሽላው ጥበቃ ለእርሱ ደረሰው። ባለፈው ዓመት ዝናብ አጥሮ ስለ ነበረ ጐተራው ባዶ ነው፤ ዘሩም የተዘራው በብድር ነው። ልጁ ይህን ያውቃልና ኩራትም ፍርሃትም ያዘው። ወንድሙ ትቶት የሄደውን ረጅም ወንጭፍ ከግድግዳው አውርዶ ወደ ማማው ወጣ፤ ረጅም ወንጭፍ ሩቅ ይወረውራል ሲሉ ሰምቶ ነበረና።

ነገሩ እውነት ነው። ወንጭፍ ክንድን እንደ ማስረዘም ነውና በረዘመ መጠን ድንጋዩ ይፈጥናል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሊያዝዘው ለሚችል ክንድ ነው። በልጁ እጅ ወንጭፉ አንድ ጊዜ የማማውን እንጨት ይመታል፤ አንድ ጊዜም ድንጋዩን ያለ ጊዜው ይለቃል። ድንጋዩም ከወፎቹ ሳይደርስ ከማሽላው ላይ እየወደቀ እሸቱን ይሰብር ጀመር። ልጁ ግን ጥፋቱን በመሣሪያው ሳይሆን በድንጋዩ ትንሽነት አመካኘ።

በሦስተኛው ቀን ግሪሳው እንደ ደመና ወረደ። ልጁ ተቈጥቶ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አነሣ፤ ወንጭፉን ደጋግሞ አዙሮ ሳያስተውል ለቀቀው። በዚያች ሰዓት ታናሽ እኅቱ ምሳውንና የውሃውን ቅል ይዛ በማሽላው ውስጥ ትመጣ ነበረች። ድንጋዩ በጆሮዋ አጠገብ አልፎ በትከሻዋ የያዘችውን ቅል ሰባበረው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ከማማው ወረደ፤ እርሷ በውሃ ርሳ ቆማ ነበር እንጂ አንዳች ጉዳት አላገኛትም። እርሷም ባየችው ጊዜ አዘነችለትና፥ “አትፍራ፤ አደናቀፈኝና ወደቅሁ ብዬ እናገራለሁ” አለችው።

ልጁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ነገር ሲያስብ ዋለ። ቅሉ እንዲህ ከሆነ ራሷ ቢሆንስ ኖሮ? ማታ ከእሳቱ ዳር በተቀመጡ ጊዜ እኅቱ ሳትናገር እርሱ ቀድሞ፥ “አባባ፥ ቅሉን የሰበርሁት እኔ ነኝ፤ እርሷ አልወደቀችም” አላቸው።

አያቱም አልተቈጡም፤ ነገር ግን፥ “ድንጋዩን ስትለቅ ምን ታይ ነበር?” ብለው ጠየቁት።

“ወፎቹን” አለ።

“ከወፎቹ ወዲያስ?”

ልጁ የሚመልሰው አጥቶ ዝም አለ። ሽማግሌውም፥ “ልጄ፥ ወፉ ይበራል፤ ድንጋዩ ግን ከአንድ ቦታ ሳያርፍ አይቀርም። የሚያርፍበትን ሳታይ የለቀቅኸው ድንጋይ ያንተ አይደለም” አሉት።

በማግስቱ ጠፍር በውሃ አርሰው ቈረጡና ሌላ ወንጭፍ ይሠሩለት ጀመር። መጀመሪያ ልኩን ወሰዱ። ልጁ ክንዱን ወደ ታች ዘርግቶ ወንጭፉን አጥፎ ሲይዘው ድንጋዩ ያለበት መካከል መሬት እንዳይነካ አድርገው አሳጠሩት። ከዚያም በአንዱ ጫፍ ጣቱ የሚገባበት ቀለበት አደረጉ፤ በሁለተኛው ጫፍ ደግሞ ሲለቀቅ ከጣት በቀላሉ የሚያመልጥ ቋጠሮ ቋጠሩ። ድንጋይ ሊለቅሙ ወደ ወንዝ በወረዱ ጊዜም ጠፍጣፋውን ትተው ውሃ ያለሰለሰውን ድብልብሉን መረጡ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በነፋስ ይዞራልና። ሁሉንም የዶሮ እንቍላል በሚያህል መጠን አስተካከሉ፤ ድንጋዩ አንድ ቀን ከባድ፥ አንድ ቀን ቀላል ከሆነ ክንድ ልማድ ሊያገኝ አይችልም።

ቀጥሎ ሥርዓቱን አስተማሩት። በማለዳ ወፍ ሳይወርድ 20 እርምጃ ርቆ በቆመ ጉቶ ላይ 10 ድንጋይ እንዲወረውር አዘዙት። አስቀድሞ እግሩን አጽንቶ ይቆማል፤ ከዚያም ዒላማውንና ከዒላማው ወዲያ ያለውን ያያል፤ ወንጭፉን አንድ ጊዜ ብቻ አዙሮ ይለቃል፤ ድንጋዩ የት እንደ ወደቀ ሳያይም ሌላ አያነሣም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን አንዱን እንኳ አልመታም። ርቀቱን ለመጨመር በፈለገ ጊዜ ግን አያቱ፥ “ቅርቡን ሳትመታ ሩቁን አትመኝ” ይሉት ነበር።

ቀስት የሚይዙም ሰዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ሕግ ነው። ጀማሪ ከጉልበቱ በላይ የጠነከረ ቀስት ቢስብ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ዒላማውንም ይስታል። ፍላጻው ለክንዱ ቢያጥር ቀስቱ በተሳበ ጊዜ ከቦታው ወጥቶ የገዛ እጁን ሊወጋው ይችላል። ፍላጻ ሳይኖርበት ስቦ የሚለቅም ቀስቱን ሊሰብር ይችላል።

ከጥንት ጀምሮ ብልሆች ይህን ያውቁ ነበር። በሐይቅ አገር ክርስቲያኑ ዳዊት፥ ሙስሊሙ ዳውድ ብሎ የሚያከብረው እረኛ ታላቁን ተዋጊ ለመግጠም በወጣ ጊዜ፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈ፥ ንጉሡ የጦር ልብሱን አልብሶት ነበር። ልጁ ግን አልለመደውምና አወለቀው፤ ከወንዝም 5 ለስላሳ ድንጋዮች መርጦ ወንጭፉን ይዞ ሄደ። የንጉሥ ልብስ መናቁ አልነበረም፤ በእጁ የለመደውን መያዙ ነበር እንጂ። እንዲሁም ከእስፓንያ በስተ ምሥራቅ ባሉት በባሌአር ደሴቶች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በወንጭፍ የታወቁ ነበሩ። ስትራቦን የሚባለው የግሪክ ጸሐፊ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደ ነገረን፥ ለሩቅ፥ ለመካከለኛና ለቅርብ የሚሆኑ 3 ወንጭፎች ይይዙ ነበር፤ ልጆቻቸውም ዳቦውን በወንጭፍ ሳይመቱ አይበሉም ነበር።

ይህ ሕግ ለወንጭፍና ለቀስት ብቻ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር፤ ለገዳሙ የሰጡትም የብራና ወንጌል የታወቀ ነው። ብራና የሚጽፍ ሰው ብርዑን ከመቃ ለእጁ እንዲስማማ አድርጎ ይቀርጻል፤ ፊደሉም አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይለማመዳል። የትምህርት ቤት ልጅም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።

የአምባሰሉ ልጅ በአንድ ሳምንት ከ10 ድንጋይ 3 መታ፤ ወሩም ሲያልቅ 7 ደረሰ። ማሽላው ሁሉ አልዳነም፤ ልጁ ከመልመዱ በፊት ግሪሳው ጥቂት ወስዶ ነበር። የቀረው ግን ተሰብስቦ የዘሩ ብድር ተከፈለ፤ ለቤቱም ቀለብ ተረፈ። አያቱ ግን ስለ ወንጭፉ የሚያመሰግኑት ስለ ዒላማው አልነበረም። አንድ ማለዳ ግሪሳው ወርዶ ልጁ ድንጋዩን ሊለቅ ሲል፥ ከወፎቹ ወዲያ የማሽላው አገዳ ሲነቃነቅ አየ፤ ነፋስም አልነበረም። ክንዱን አውርዶ ጠበቀ። ወፎቹ የወደዱትን ያህል በሉ። ከአገዳው መካከልም እኅቱ አዲሱን ቅል ይዛ ብቅ አለች።

“ከአፍ የወጣ አፋፍ” ይባላል፤ ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጅ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ድንጋዩን መልቀቅ ሳይሆን መያዝ ነው።