የአያቴ ዋንዛ

ወደ ራሳችን ቤት ስንገባ ከተበረከቱልን ስጦታዎች ትልቁ የአባቴ ነበር። ከዳንግላ ደውሎ «የጓሮዋን ዋንዛ ላስቆርጥና አልጋና ቁም ሳጥን ትሁናችሁ» አለን። ባለቤቴ ደስ አላት። እኔም አልጠላሁትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተጠየቅኩት ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜ ነበር።

ዋንዛ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ጣውላው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ለመላግ አያስቸግርም፣ ሲወለወል ያምራል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። በርና መስኮት፣ ሙቀጫ፣ ከበሮና ቀፎ ይሠራበታል። ቆሞም ያገለግላል፤ ነጭ አበባው ለንብ፣ ቢጫ ፍሬው ለልጆች፣ ጥላው ለቡና፣ የሚረግፈው ቅጠሉ ለአፈር ነው።

ችግሩ ጊዜ ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳሜ አካባቢ የምታዩት በብዛት ዲከረንስ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይበቅላል፤ በአምስት ዓመት ገደማ ከሰል ሆኖ ይሸጣል። ገበሬው ቢመርጠው አይፈረድበትም። ዋንዛ ግን ለጣውላ እስኪደርስ ዐሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ለይቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ የከለከለውም እየተመናመነ ስለነበር ነው።

የእኛዋን የተከለቻት አያቴ ናት። «አባባ፣ ትቆይ» ስለው ዝም አለ። የአባትን ስጦታ መመለስ ቀላል አይደለም። ቆይቶ እውነተኛውን ሐሳቡን ነገረኝ፦ «ከተማው እየሰፋ ነው። እኔ ስሞት የማያውቃት ሰው ይቆርጣታል፤ እናንተ ብትተኙባት ይሻላል።»

መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ «እርስዎ እያሉ ግን እንዳትነካ፤ ለእኛ የችግኝ ስጦታ ይበቃናል» አለችው። ሳቀ። ክረምት ሲገባ በአጥሩ ዳር አራት ችግኝ ተከለ፤ ሦስቱ ጸድቀዋል።

ሳሎናችን አሁን በእንጅባራ የቀርከሃ ወንበሮች ተሞልቷል። አልጋችን ተራ ነው። እናንተም የዋንዛ ዕቃ ስታዙ እንጨቱ ከየት እንደመጣ አናጢውን ጠይቁት፤ ከቻላችሁም ቤተሰብ ባለበት ሁለት ችግኝ አስተክሉ። ለልጆቻችሁ ሠርግ እንኳ ላይደርስ ይችላል፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ግን ይደርሳል።