ናይሮቢ ስትሄዱ ዘመድ ላይ አትውደቁ

ናይሮቢ ደርሼ ልምጣ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይበቃኛል?» ብሎ አይደለም። «እዚያ ማን አለኝ?» ብሎ ነው። የአክስት ልጅ ወይም የሰፈር ጓደኛ መቼም አይጠፋም። ስልኩ ይፈለጋል፣ «መጣሁ» ይባላል፣ አለቀ።

ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ግን ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ዓመታት እየጠበቁ በአንዲት ክፍል ተደራርበው የሚኖሩ ያገራችን ልጆች አሉ። ኪሳቸው ባዶ ቢሆንም እንግዳ ማስከፈል ነውር ነውና ችለው ያስተናግዳሉ። ባለፈው ስሄድ ያገኘሁት አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጋበዝ ሰነበተና «ናይሮቢ እንዴት ርካሽ ነው!» እያለ ተመለሰ። ጋባዡ የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈለው ተበድሮ ነው። ይሄ ነገር ስለሚያበሳጨኝ በራሳችሁ ኪስ የምትዘዋወሩበትን መላ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዕቃ እንጀምር። እናት በርበሬና ሽሮ በፌስታል ቋጥራ «አድርስልኝ» ማለቷ አይቀርም። ኬንያ ከነሐሴ 2017 መጨረሻ ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

ዶላራችሁ ንጹሕና ያልተቀደደ ይሁን። ብዙ መንዛሪዎች ከ2006 በፊት የታተመውን አይቀበሉም፤ ባለ አንድና ባለ አምስቱንም ከባለ መቶው ባነሰ ሂሳብ ነው የሚመነዝሩት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለታክሲና ለምሳ የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩና ሌላውን ከተማ ገብታችሁ አወዳድሩ። «ከድሮ ጉዞዬ የተረፈ ነው» ተብሎ ባለ 1000 ሽልንግ የተሰጣችሁ ካላችሁ ደግሞ በደንብ እዩት። አሮጌው ባለ 1000 ከጥቅምት 1 ቀን 2019 ጀምሮ አይሠራም። አዲሶቹ ኖቶች ሁሉ የኬንያታ መሰብሰቢያ አዳራሽ ፎቅ ሥዕል አለባቸው።

እዚያ አገር ዋናው ኪስ ግን ስልክ ነው። ኤም-ፔሳ ከ2007 ጀምሮ ስላለ የመንገድ ዳር ሻጩ ሁሉ በስልክ ይቀበላችኋል። ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሲም ካርድ አውጡና በዚያው አስከፍቱት። የተቀባዩን ስም ሳታረጋግጡ ግን እንዳትልኩ።

መንገዱን በተመለከተ፣ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፤ አዲስ አበባ የለመደው አንገታችሁ ወደ ግራ ይዞራል፣ አትመኑት። ማታቱ የሚባለው የእነሱ ታክሲ ሥዕሉና ሙዚቃው ራሱ ትርዒት ነው፤ አንዳንዱማ ጭፈራ ቤት ጎማ ያወጣ ይመስላል። ታሪፉ እንደ ሰዓቱና እንደ ሰማዩ ነው። ዝናብ ከጣለ ወይም የሥራ መውጫ ከሆነ ይጨምራል። ስለዚህ ሳትሳፈሩ ጠይቁ፣ ዝርዝር ያዙ። ለረዳቱ ባለ 1000 መዘርጋት መልስ ልመና መግባት ነው።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ነው! ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይሉታል፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ሰባት ይላል፤ ቲኬት ላይም የሚጻፈው በፈረንጁ ነው። ሞምባሳ ለመሄድ በባቡር የሚሳፈር ሰው በተለይ ይህን አጣርቶ ይነሳ። ጣቢያው ያለው ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ሲዮኪማው ነው፣ የናይሮቢ የመኪና ጭንቅንቅ ደግሞ ለማንም አይራራም።

ወደ ሆድ እንምጣ። ሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ እንጀራ ፍለጋ ግን ናይሮቢ ድረስ መሄድ ምን ይባላል? ሠራተኛው በሚበላባት ትንሽ ቤት ግቡ። ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠጠር ያለ ገንፎ ነው፣ በእጅ ይበላል። ከጎመን ጋር ስትወስዱት ጥሩ ይሄዳል። ጎመኑን «ሱኩማ ዊኪ» ይሉታል፣ «ሳምንቷን ግፋ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ብቻ ለበጀታችሁ መልስ ይሆናል። ጿሚ ከሆናችሁ ጊዜሪ የሚባል የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ አለላችሁ፤ ሥጋ እንዳልገባበት ብቻ ጠይቁ። ሻይ ስታዙ ከወተት ጋር የፈላ ነው የሚመጣው። ጥቁሩን የፈለገ «ቻይ ያ ራንጊ» ይበል።

ኒያማ ቾማ ማለት የተጠበሰ ሥጋ ነው። በኪሎ ይሸጣል፤ ሥጋውን ራሳችሁ መርጣችሁ ታስመዝናላችሁ። ዋጋውን እሳት ላይ ሳይወጣ ተነጋገሩ፣ ከተጠበሰ በኋላ ክርክር የለም። ቁርጥ የለመደ ሰው ይታገሥ፣ መጥበሱ ጊዜ ይወስዳል። ከኡጋሊና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ተከታትፎ በእንጨት ላይ ይቀርባል።

ያሳደራችሁን ዘመድ አንድ ቀን እዚያ ይዛችሁት ሂዱ። «እኔ እያለሁ!» ብሎ መገዘቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ አስተናጋጁን የቤቱን የክፍያ ቁጥር ጠይቁና ያዙ። ከሥጋው በፊት እጅ መታጠብ አለ፤ እሱ ለመታጠብ ብድግ ሲል እናንተ በስልክ ላኩት።